«ፕሬስቢተሪው ውስጥ ብንገባ ምን ይገጥመናል?» ላልሽው

እህቴ፣ የአማርኛ ኅብረታችሁ እሁድ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያናቸውን ተከራይቶ የሚያመልክባቸው አሜሪካኖች «ለምን ፕሬስቢተሪውን (የአካባቢው አጥቢያዎቻቸው የጋራ ጉባኤ ማለት ነው) አትቀላቀሉም?» አሏችሁ። አንቺ ደግሞ «ፓስተር ይሾሙብናል? ገንዘባችንንስ ይወስዳሉ?» ብለሽ ሰግተሻል። እኛም እንዲሁ ነበርን። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። የማወራው ስለ ፒሲዩኤስኤ፣ ማለትም ፕሬስቢቴሪያን ቸርች (ዩኤስኤ) ስለሚባለው የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሌሎቹ ፕሬስቢቴሪያኖች ይለያሉ።

መጀመሪያ ስብሰባ የሄድኩ ቀን ዓይኔ ጳጳስ የሚመስል ሰው ሲፈልግ ዋለ። የለም። ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አንድ ጠረጴዛ ተቀመጥኩ። በአንድ ወገን ቄስ፣ በሌላው ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ እሳቸውም እንደኔ ከአጥቢያቸው የተላኩ ሽማግሌ። ድምፅ ሲሰጥ የኔ እጅና የቄሱ እጅ እኩል ተቆጠረ። ፕሬስቢተሪ ይኸው ነው፤ የአካባቢው ቄሶችና አጥቢያዎች የሚልኳቸው ሽማግሌዎች ጉባኤ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥14 ላይ «የሽማግሌዎች እጅ መጫን» የሚለው ቃል ነው ስሙ የመጣበት።

ፓስተር አይሾሙባችሁም። የሚመርጠው ምዕመኑ ነው። ግን ምርጫው ያለ ፕሬስቢተሪው ይሁንታ አይጸናም፤ ከፓስተሩ መለያየቱም እንዲሁ። ለኛ ለሐበሾች የከበደን፣ የፓስተሩ አባልነት በአጥቢያው ሳይሆን በፕሬስቢተሪው መሆኑ ነው። «ታዲያ የማን ፓስተር ነው?» ብለን ብዙ አጉረመረምን።

ከዚያ ተጣላን። ፓስተሩና ግማሹ ሽማግሌ ሰላምታ እስከመተው ደረሱ። እንደ ልማዳችን ቢሆን አንዱ ወገን ኪቦርዱን ይዞ ሌላ አዳራሽ ይከራይ ነበር። ፕሬስቢተሪው ሁለት ሰው ላከ። ምድር ቤቱ ውስጥ ሦስት ምሽት ሁላችንንም ለየብቻ ሰሙን። «ጥፋተኛው እገሌ ነው» አላሉም፤ ያ አንዳንዶቻችንን አናደደ። ወራትም ፈጀ፣ ሲበዛ ቀርፋፎች ናቸው። በመጨረሻ ፓስተሩ በስምምነት፣ የተወሰነ ወር ደመወዝ ታስቦለት፣ ተመርቆ ሄደ። ኪቦርዱ እስካሁን እዚያው አለ።

ገንዘቡ ያን ያህል አያስፈራም። በአባላት ቁጥር ተሰልቶ ፐር ካፒታ የሚሉት መዋጮ ይጠየቃል። ቃለ ጉባኤያችሁንም በየዓመቱ ያዩታል። (የኛ ግማሹ በአማርኛ ነበር፤ ለመተርጎም አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሄደብን።)

በደንብ ማሰብ ያለባችሁ ሕንፃ ላይ ነው። የአጥቢያ ንብረት በአደራ የሚያዘው ለመላው ቤተ ክርስቲያን ነው። ያለ ፕሬስቢተሪው የጽሑፍ ፈቃድ መሸጥም ለብድር ማስያዝም አይቻልም። «ገንዘብ አዋጥተን እንገዛለን፣ ካልተስማማን ይዘነው እንወጣለን» የሚል ሐሳብ ካለ ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ለነገሩ የአምልኮ ቦታ ማከራየትም ፈቃዳቸውን ይጠይቃል፤ የናንተ ውል ተፈቅዶ እንደሆነ አከራዮቻችሁን ጠይቂ።

መሪያችሁ ሴሚናሪ ካልገባ ተስፋ አትቁረጡ። ፕሬስቢተሪው ሽማግሌን አሠልጥኖ ለአንድ የተወሰነ አገልግሎት መላክ ይችላል።

ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ ስብሰባቸው ላይ ኋላ ቁጭ በይ። አዲስ ቄስ በጉባኤው ፊት የሚጠየቅበት ቀን ከሆነ እንዳያመልጥሽ።