የተነጠቀ ሚና

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ተዋናይት፣ መሪ ገጸ ባሕርይዋ ለሌላ ተሰጥቶ እሷ አገልጋይ ሆና እንድትጫወት በመደረጉ፣ ጽሑፉን ወንበር ላይ ጥላ ከልምምድ ወጣች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ አድርጌ፣ ተመልሼ መድረክ ለመርገጥ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ለእሷም ለጓደኞቿም ስለ እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ጁዲ ዴንች ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

በ1934 እ.ኤ.አ. በዮርክ የተወለዱት ዴንች መጀመሪያ የተመኙት መድረክ መንደፍ እንጂ መጫወት አልነበረም። በ1957 ከለንደኑ የኦልድ ቪክ ቴአትር ቡድን ጋር በሊቨርፑል ከተማ በሼክስፒር «ሃምሌት» የሃምሌትን ፍቅረኛ ኦፊሊያን ሆነው ሲወጡ ግን ሐያስያን አልራሯቸውም፤ ቡድኑ ወደ አሜሪካ ሲሻገርም ሚናው ለሌላ ተዋናይት ተሰጠ። እሳቸው ቡድኑን አልለቀቁም። የደረሳቸውን እየተጫወቱ፣ ከመጋረጃው ጥግ ቆመው ታላላቆቻቸውን እያዩ ቆዩና በ1960 እዚያው ኦልድ ቪክ በጣሊያናዊው ዘፊሬሊ አዘጋጅነት በ«ሮሚዮና ጁልየት» ጁልየትን ተጫወቱ።

በ1976 በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ፣ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ፣ ከተዋናዩ ኢያን ማኬለን ጋር የሼክስፒርን «ማክቤት»ን ሲሠሩ ያማረ መድረክ አልነበራቸውም፤ ወለሉ ላይ ክብ ተሰምሯል፣ ተራቸውን የሚጠብቁት ተዋንያን ዙሪያውን ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ዴንች የማክቤትን ሚስት ሆነው በእንቅልፍ ልባቸው እየሄዱ እጃቸውን የሚያሹበት ትዕይንት ላይ የሚያወጡት ረጅም የሲቃ ድምፅ በቀረጻው ዛሬም ይሰማል። ቀረጻውን ፈልጋችሁ ተመልከቱ፤ እኔ ከብዙ ዓመት የቴአትር ትምህርት ይልቅ ከዚያች ድምፅ የተማርኩት ይበልጣል።

ፊልሙ ግን ዘግይቶ ነው የተቀበላቸው። በወጣትነታቸው አንድ የፊልም ሰው ፊታቸው ላይ ያለው ሁሉ እንደማይሆን ነግሯቸው ነበር። በስለላ ፊልሞቹ የጄምስ ቦንድ አለቃ ሲሆኑ ስድሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። በ1998 በወጣው «ሼክስፒር ኢን ላቭ» ንግሥት ኤልሳቤጥን ሆነው የታዩት ለስምንት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያችው የረዳት ተዋናይት ኦስካር ወሰዱ። የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ ሲመጣም ማንበብ ስለተሳናቸው ወዳጆቻቸው ቃለ ተውኔቱን እየደጋገሙ ያነቡላቸው፣ እሳቸውም በጆሯቸው ያጠኑ ነበር።

ልጄ፣ አንቺም ይህን ካነበብሽ፣ የአገልጋይዋን ሚና እስከ ሰኞ ለማንም አልሰጠሁም። ጽሑፍሽ እኔ ዘንድ ነው።