ጠይቁኝ፦ ስለ ጋሼና ስለ ድምፅ ቆጠራ ደብተራቸው

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «የሙያ አባቴ ስላረፉ ዓምዱ አጠር ብሏል» የምትል ማስታወሻ ትቼ ነበር። በዚያች ምክንያት የመጣው ደብዳቤ ብዙ ነው። ስለዚህ የዛሬው የእሳቸው ይሁን። ቤተሰቡ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቀ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ በሕይወት ሳሉም ሌላ ብያቸው አላውቅም። የውጭ ጉዳዮችን ዓመት የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ስለ ውጭ ፖለቲካ ሲጽፉ ሁሌ «መምህሬ እንደሚሉት» ይላሉ። ለመሆኑ እኚህ ሰው ማን ነበሩ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አሜን። ጋሼ የውጭ ዜና አዘጋጅ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ታሪክ አስተምረዋል። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በተርጓሚነት ስቀጠር የተሰጠኝ ወንበር ከእሳቸው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነበር። ከጀርባችን የቴሌክሱ ክፍል ነው። የዜና ወኪሎቹ ሮይተርስ፣ ኤኤፍፒና የሶቪየቱ ታስ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ይተፋሉ። ከሦስቱ ጋዜጣው ላይ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ ያኔ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ጋሼ ግን ሦስቱንም ያነባሉ። የማይወጣውን ለምን እንደሚያነቡ ብጠይቃቸው «የሚወጣው እንዲገባኝ» አሉኝ።

ሲጋራ ከተዉ ጀምሮ ኪሳቸው ከረሜላ አይጠፋውም ነበር። ቀይ እርሳሳቸው ቅጽል አይወድም፤ «ታሪካዊ» የሚለውን ካየ ያለ ርኅራኄ ይሰርዛል። የሊቀመንበሩ ንግግር ሲመጣ ግን እርሳሱ ከከረሜላው ጋር ኪስ ውስጥ ይቀራል። ጀግና ነበርኩ ብለውም አያውቁም።

እኔን የሠራኝ ደብተራቸው ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከባድ ጉዳይ ለድምፅ በቀረበ ቁጥር ገጹን በማስመሪያ አራት ቦታ ይከፍሉታል፦ ደገፈ፣ ተቃወመ፣ ተዐቀበ፣ አልተገኘም። ከዚያ የየአገሩን ስም እየለቀሙ በየቦታው ያስገባሉ። አንዳንዴ ከጎኑ አጭር ነገር ይጫጭራሉ፤ ብድር፣ ወደብ፣ ስንዴ፣ ምርጫ ደርሶበታል። «ንግግሩን ለባልሽ አንብቢለት፤ አንቺ ድምፁን ቁጠሪ» ይሉኝ ነበር፣ ያኔ ባል ሳይኖረኝ።

ጥያቄ፦ የማን ሰው ነበሩ? ኢሕአፓ ወይስ መኢሶን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከአሜሪካ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። ከሁለቱም ወገን ወዳጅ ነበራቸው፤ ከሁለቱም ወገን ለቅሶ ተቀምጠዋል። የአባልነት ካርድ ግን አልያዙም። የሶሻሊስቱን ጎራ ይወዱ እንደሁ ከሆነ ጥያቄው፣ አዎ፣ በመጠኑ። የበርሊን ግንብ ሊፈርስ ወራት ሲቀሩት «ሶቪየት ኅብረት እኔንም አንቺንም ትቀብራለች» ብለውኛል። ከዚያ በኋላ ትንበያ እርግፍ አድርገው ተዉ።

ጥያቄ፦ ደሴ የምማር የሕግ ተማሪ ነኝ። ደቡብ አፍሪካ እስራኤልን በጋዛ ዘር በማጥፋት ሄግ፣ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ወስዳ ከሰሰች፤ ጦርነቱ ግን በክሱ አልቆመም። ጋሼ ቢጠየቁ «ምን ሊረባ?» አይሉም ነበር?

መልስ፦ አይሉም፤ የ1966ቱን ያውቁታላ።

በኖቬምበር 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን እዚያው ሄግ፣ እዚያው ፍርድ ቤት ከሰሱ። ነገሩ የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታቱ ማኅበር ለደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት ሰጥቷት ነበር፤ ሞግዚቷ አፓርታይድን ዘረጋችባት። ለመክሰስ የዚያ የፈረሰ ማኅበር አባል የነበረ አገር ያስፈልጋል፤ ከጥቁር አፍሪካ ይህን የሚያሟሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ስድስት ዓመት ሙግት ሆነ። በ1962 «ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ» ያለው ፍርድ ቤት በጁላይ 1966 ሰባት ለሰባት ተከፈለ። ፕሬዚዳንቱ አውስትራሊያዊው ሰር ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ሚዛኑን ወደ ደቡብ አፍሪካ ደፉት። ስለ አፓርታይድ አንድም ነገር ሳይፈርዱ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም አላቋቋሙም ብለው መዝገቡን ዘጉት።

ጋሼ ያኔ ወጣት መምህር ናቸው። ክረምት ነው፣ ጎጃም ወላጆቻቸው ቤት ሆነው በባትሪ ሬዲዮ ሰሙት። «አባቴ መሬቱን በዳኛ ሲነጠቅ ያየሁትን ያህል ነው የተናደድኩት» ብለውኛል። በኦክቶበር ደግሞ የኒውዮርኩ መጣ፦ ጠቅላላ ጉባኤው የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሻረ፣ 114 ለ2። የተቃወሙት ራሷ ደቡብ አፍሪካና ፖርቱጋል ናቸው፤ ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና ማላዊ ተዐቀቡ። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ይኸው ነው፤ ማላዊ ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። በ1971 ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ። በማርች 1990 ናሚቢያ ነጻ ወጣች።

እንግዲህ ልጄ፣ ክስ ነገ ተኩስ ያስቆማል ብሎ የጠበቀ ይከፋዋል። ክስ ጉልበተኛው በጽሑፍ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ መልሱ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላ ትውልድ ያንን መዝገብ ይዞ ይመጣል። በዲሴምበር 2023 ሄግ የሄደችው ከዚያ በፊት የተከሳሽ ወንበር ላይ ዓመታት የተቀመጠችው ራሷ ደቡብ አፍሪካ መሆኗ አያስገርምም? የኛዎቹ ያኔ የሠሩት ሥራ ያኮራኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ለናሚቢያ ያሳዩትን ትጋት በየአውራጃው ፍርድ ቤት ደጅ ለሚጠናው ገበሬ ቢያሳዩት ኖሮ... እሱ የሌላ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል፣ ረሆቮት ነው፤ ልጄ ወታደር ነው። ስለ ሄግ ስትጽፉ ኦክቶበር 7ን ትረሱታላችሁ።

መልስ፦ ሐማስ እስራኤልን ያጠቃበትን፣ 1,200 ያህል ሰው የተገደለበትን፣ 251 ሰው ታግቶ የተወሰደበትን ቀን እንዴት እረሳዋለሁ? ልጅዎን በሰላም ይመልስልዎ። በጋዛ ያለቁትን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም አልረሳም፤ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ላንስማማ እንችላለን። አንድ ነገር ግን ልጠቁምዎ። የጃንዋሪ 26 ቀን 2024ቱን ትእዛዝ ድምፅ ይመልከቱ። ፍርድ ቤቱ በዚያ ትእዛዝ ዘር ማጥፋት ተፈጽሟል አላለም፤ ስድስት ጊዜያዊ እርምጃዎችን ነው ያዘዘው። እስራኤል ለዚህ ጉዳይ የሰየመቻቸው ዳኛ አሮን ባራክ በሁለቱ፣ ማለትም ቅስቀሳን በመከላከልና ዕርዳታ በማስገባት ላይ፣ ከብዙኃኑ ጋር ቆሙ። ኡጋንዳዊቷ ዳኛ ጁሊያ ሰቡቲንዴ ስድስቱንም ተቃወሙ። ዳኛ ሁሉ አገሩን ይከተላል የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ይህን ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ከጋሼ ጋር የማይስማሙበት ነገር አልነበረም? ሁሉን ልክ ነው ማለትስ አምልኮ አይሆንም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ነበረ እንጂ። እስከ መጨረሻው ያልተስማማንበት ስለዚያ አራተኛ ረድፍ፣ ስለ «አልተገኘም» ነው።

ማርች 2 ቀን 2022 ጠቅላላ ጉባኤው ሩሲያ ዩክሬንን መውረሯን ሲያወግዝ 141 ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ተዐቀቡ። ጎረቤታችን ኬንያ ደገፈች፣ ኤርትራ ተቃወመች። ኢትዮጵያ ድምፅ ካልሰጡት 12 አገሮች አንዷ ነበረች። ያን ሰሞን ቤታቸው ስሄድ ጋሼ ገጹን ሞልተው ጨርሰዋል፤ ፊታቸው ላይ ደስታ ይነበባል። «ድሃ አገር መቼ ሽንት ቤት መሄድ እንዳለበት ማወቅ አለበት» አሉኝ። ምክንያታቸው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ስንዴው ከዚያ ነው፣ ብድሩ ከዚህ ነው። በዲሴምበር 2021 ጄኔቫ ላይ የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት በሰሜኑ ጦርነት ጉዳይ በኢትዮጵያ ላይ መርማሪ ሲያቋቁም ውሳኔው ያለፈው በ21 ለ15 ነው። ከተቃወሙት መካከል ሩሲያና ቻይና አሉ። ውለታው ገና ትኩስ ነበር።

እኔ ደግሞ የራሳቸውን ትምህርት መልሼ አነበብኩላቸው። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ የተናገሩትን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ከንግግሩ ቀናት በኋላ የሆነውን ግን ስንቱ ያውቀዋል? ኢትዮጵያ ለመከላከያ የሚሆን ብድር እንዲሰጣት ላቀረበችው ጥያቄ ከራሷ በስተቀር አንድም አገር ድጋፍ አልሰጠም። ከሃያ የሚበልጡት ተዐቀቡ። እነዚያም ስንዴ፣ ብድር፣ ንግድ ነበራቸው፤ ሁሉም ምክንያት ነበረው። የጣሊያንን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂቶች አንዷ ሜክሲኮ ናት፤ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ሰይመንላታል፣ ዛሬም ታክሲ ረዳቱ ስሟን እየጮኸ ይጠራታል። ለተዐቀቡት አደባባይ አልሰየምንም።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «ሜክሲኮ ከጣሊያን ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ ለኪ» አሉ። አልሳቅኩም። ዛሬም የምለው ያንኑ ነው፦ ወረራን መቃወም ላይ ኢትዮጵያ የምትጠፋበት ምክንያት የለም። ቢያንስ ተገኝታ ብትታቀብ ምክንያቷን አስረድታ በመዝገብ ታስገባ ነበር። የጠፋ ሰው ምክንያት አይመዘገብለትም።

ጥያቄ፦ እኔ ጅዳ የሰው ቤት ነው የምሠራው። እርስዎ ሁሌ ስለ ኒውዮርክ ነው። ለእኛ ለሠራተኞቹ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ግን አንድ ታሪክ ስሚኝ። ኖቬምበር 29 ቀን 1990 የጸጥታው ምክር ቤት ኢራቅን በኃይል ከኩዌት ለማስወጣት የፈቀደ ዕለት ተረኛ ነበርኩ። 12 ደገፉ፤ ሶቪየት ፊቷን ያዞረችበት ደርግ ወዳጅ ፍለጋ ላይ ነበርና ኢትዮጵያም ከእነሱ ጋር ናት። ቻይና ተዐቀበች። ኩባና የመን ተቃወሙ። አሜሪካ ለየመን የምትሰጠውን ዕርዳታ ወዲያው ቆረጠች። ሳዑዲ ደግሞ የመን በዚያ ቀውስ በያዘችው አቋም ተቆጥታ፣ ከድምፁም ቀድሞ፣ የየመናውያንን ልዩ የመኖሪያና የሥራ መብት አንስታለች፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አንቺ ባለሽበት ከተማ ጭምር ዕቃቸውን ጠቅልለው ወጡ። ስለ ፖለቲካ ማንም አልጠየቃቸውም።

የጋሼ ዘዴ ግን የማይደርስበት ቦታ አለ። በ2013 መጨረሻ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ሲመለሱ ያንን ጉዳይ ለድምፅ ያቀረበ የለም። ከደብተሩ ውስጥ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። የአንቺ ኑሮ ያለው ሁለት መንግሥታት በር ዘግተው በሚፈራረሙት ውል ውስጥ ነው፤ እኛ ጋዜጠኞች ለእሱ የምንሰጠው ቦታ ለኒውዮርክ ከምንሰጠው ያነሰ መሆኑ አይገባም።

ጥያቄ፦ አፍሪካ በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ መቀመጫ ቢሰጣት፣ ግን ያለ ቪቶ (ውሳኔን ብቻን የማገድ መብት)፣ እንቀበል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የአፍሪካ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ የሚጠይቀው ሁለት ቋሚ መቀመጫ ከነሙሉ መብቱ ነው፤ አሜሪካ በሴፕቴምበር 2024 ሁለቱን እደግፋለሁ ስትል ቪቶውን አስቀርታለች። ጋሼ «ቁልፍ የሌለው ቤት አልከራይም» ይሉ ነበር። እኔ ከቪቶው ይልቅ የሚያሳስበኝ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል የሚለው ነው። ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ግብፅ፣ እኛ፤ ጠቡን ከወዲሁ ይታየኛል። ደግሞ ቻርተሩን ለማሻሻል አምስቱም ባለ ቪቶዎች ማጽደቅ አለባቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ምክር ቤቱ ከ11 ወደ 15 ያደገው በ1965 ነው፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ።

ይልቅ የሊክተንስታይንን መንገድ እወደዋለሁ። 40 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት፣ ከአንድ ክፍለ ከተማችን የምታንስ አገር ናት። በአፕሪል 2022 በእሷ መሪነት አንድ ውሳኔ ያለ ድምፅ ቆጠራ አለፈ፦ ቪቶ በተወረወረ ቁጥር ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ ይነጋገርበታል። ቪቶውን አይሽረውም። ቪቶ የወረወረው ግን አደባባይ ወጥቶ ለምን እንደሆነ ይጠየቃል። ይህን ዜና ለጋሼ በስልክ ነበር የነገርኳቸው። «ሊክተንስታይን? ለእሷ ገጽ እከፍትላታለሁ» አሉ፣ ከፍተውላታልም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለውን የድምፅ ዝርዝር ተራ ሰው ከየት ያገኘዋል? ደብተሮቹስ ይታተሙ ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ደብተሮቹ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ስለ ማተም ገና አልተነጋገርንም፣ ስለዚህ ስልክ አትደውሉላት። ዝርዝሩን ግን የተባበሩት መንግሥታት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ገጽ ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ። የድምፅ መረጃ የሚለውን ክፍል መርጣችሁ የውሳኔውን ቁጥር ወይም ዓመቱን አስገቡ፤ የየአገሩ ድምፅ ይወጣላችኋል። በስልክም ይሠራል፣ ኔትወርኩ ከፈቀደ።