ወንዝ ዳር ያለው ትልም በበሬ የታረሰ አይመስለኝም

ወንድሜ፣ ጥያቄህ መልስ ሳያገኝ ስለቆየ እኔው ልሞክር። እንግሊዝ፣ ዊልትሸር ውስጥ የምትሠራበት እርሻ ወንዝ ዳር የግጦሽ መስክ አለው፣ መስኩ ላይ ሣር የለበሰ ትልም የሚመስል ነገር ተደርድሯል፣ አለቃህ ደግሞ «ድሮ በበሬ የታረሰ ነው» ብሎሃል። እውነት ነው ወይ ነው ያልከው። ፎቶህን ሳየው አይመስለኝም። ሳልስበሪ አጠገብ ከብት እርባታ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ መስክ ላይ ብዙ ጭቃ ረግጫለሁ።

መስኖ ነው። ዝናብ በማይጠፋበት አገር ምን መስኖ ትለኛለህ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ችግራቸው ግን ውሃ ጥም ሳይሆን ብርድ ነው። እዚያ አካባቢ ወንዞቹ የሚመነጩት ከነጭ ኖራ ድንጋይ ሥር ስለሆነ የምንጩ ውሃ ዓመቱን ሙሉ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያንን ውሃ በውርጩ ወራት ሣሩ ላይ ስስ አድርገው ሲያስሄዱት መሬቱ አይቀዘቅዝም፣ ሣሩም ከሌላው መስክ ቀድሞ ይበቅላል። ድሮ ማርች ላይ ድርቆሽ ሲያልቅ በጎቹ ከነግልገሎቻቸው እዚያ ይውሉ ነበር፣ ማታ ወደ እርሻው ተነድተው በረት ውስጥ ያድሩ ነበር። የሚፈለገው ፍጋቸው ነበራ! ገብሱ የሚበቅለው በሱ ነበር። በጎቹ ከወጡ በኋላ መስኩ እንደገና ውሃ ይጠጣና ለድርቆሽ ይታጨድ ነበር።

አሁን ሂድና ከፍ ያለው መስመር ጀርባ ላይ ቁም። እግርህ ሥር፣ ልክ አናቱ ላይ፣ ትንሽ ጎድጓዳ ቦይ ካለ ነገሩ አለቀ። ውሃው በዚያ መጥቶ በግራና በቀኝ ይፈስሳል፣ ታች ያለው ጎድጓዳ ተቀብሎ ወደ ወንዙ ይመልሰዋል። የላዩ ቦይ ውሃውን እያፈሰሰ ስለሚሄድ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይመጣል። በበሬ የታረሰው ግን አናቱ ላይ ቦይ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ጫፍና ጫፉ ላይ ጠምዘዝ ይላል፣ ረጅም ጥማድ በአንዴ አይዞርማ።

ውሃውን የሚያስተዳድረውን ሰው ድራውነር ይሉት ነበር፣ አስማጭ እንደማለት ነው። የኛ የውሃ አባት ተራ ያካፍላል፣ የነሱ ሰውዬ ደግሞ አካፋ ይዞ እየዞረ ውሃው የትም እንዳይተኛ ይጠብቅ ነበር፣ ከተኛ ሣሩን ይገድለዋልና። «ሲገባ በሶምሶማ፣ ሲወጣ በግልቢያ» የሚል አባባል አላቸው።

ይህን ያወቅኩት አጥፍቼ ነው። አለቃችን ማጨጃው እንዳይንገጫገጭ አንዱን ጎድጓዳ ሙላው አለኝ፣ በኤክስካቫተር ሞላሁት። በሚቀጥለው የብርድ ወቅት መስኩ ጨቀየ፣ ቄጠማ ወረሰው፣ ላሞቹ ማንከስ ጀመሩ። የሞላሁት መውጫውን ነበር። መልሼ ስቆፍር እንደ ከሰል የጠቆረ የኦክ ጣውላ ወጣ፣ ሥሩ በጡብ የተሠራ፣ ሁለት ጎኑ ላይ የውሃ መዝጊያው የሚንሸራተትበት ስንጥቅ ያለው። ጣቴን ስንጥቁ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ቀረሁ፣ አሁንም ልስልስ ነው። እንዳለ ትቼው አፈር መለስኩበት።

ይህ መስኖ በብዛት የተስፋፋው በ1600ዎቹ ነው። ከ1800ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፋብሪካ ማዳበሪያ መጣ፣ የሰው ጉልበትም ተወደደ፣ እየተተወ ሄደ። ብዙው ኋላ ታርሶ ጠፍቷል። ሳልስበሪ ዳር ሃርንሃም የሚባለው ቦታ ላይ ግን ዛሬም ውሃ ይለቁበታል፣ ቅርብህ ነው፣ በብርዱ ወራት ሄደህ እየው።

ቤት ሆነህ ለማጣራት የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የድሮ ካርታዎች በነፃ አሉ፣ የ1800ዎቹ መጨረሻውን ክፈትና በመስክህ በኩል የውሃ መዝጊያ ተጽፎ እንደሆነ ፈልግ። ላይዳርም አለ፣ ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ የመሬት ቅርጽ፣ ቦዮቹ እንደ ዓሣ አጥንት ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። እኔ ሳየው የሞላሁት ቦታ ሳይቀር ታየኝና አፈርኩ።

ጠዋት ፀሐይ ዝቅ እንዳለች፣ ውርጭ ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ ከጎን ሆነህ ሌላ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍ። ቦቲህን አናቱ ላይ አድርገው፣ ስፋቱን እንድናየው። አለቃህ ሙላው ካለህ ግን የኤክስካቫተሩን ቁልፍ ሳታዞር ኢንቦክስ አድርገኝ።