ካስት አይረን በሚሊንግ ማሽን፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ርዕስ ካስት አይረንን (ቀልጦ በሻጋታ የሚፈስ ብረት) በሚሊንግ ማሽን፣ ማለትም በሚዞር ባለ ጥርስ መቁረጫ፣ መቁረጥ ነው። ብዙ ዓመት የሠራሁበት ብረት ስለሆነ የማውቀውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስትጠይቁ የብረቱን ዓይነት፣ የመቁረጫውን ዓይነትና ዲያሜትሩን ጻፉ። ካስት አይረን አንድ ብረት አይደለም። አንዱ ላይ የሚሠራው ሌላው ላይ ኢንሰርት፣ ማለትም መቁረጫው ላይ የሚታሰረውን ተቀያሪ ጫፍ፣ ይበላል።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ለካስት አይረን ስንት አርፒኤም (በደቂቃ ስንት ዙር) ልጠቀም?

መልስ፦ የቱ ካስት አይረን? በምን መቁረጫ? ዲያሜትሩስ? ከላይ የጻፍኩት ለዚህ ነበር። መረጃውን ይዘህ ተመለስ።

የጥገና ሠራተኛው፦ የአሮጌ ማሽን መሠረት ፊቱን እያስተካከልኩ ነው። ብረቱ ግራጫ ካስት አይረን ነው፣ መቁረጫው ባለ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) ኢንሰርት፣ 80 ሚሊሜትር። መሃሉ ላይ ጥሩ ይሄድልኛል። ስሱ ጠርዝ ጋ ሲደርስ ይጮሃል፣ ኢንሰርቱም ይሸረፋል። ያው አንድ ብረት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ብረቱ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን አንድ አይደለም።

ካስት አይረን ውስጥ ከ2.5 እስከ 4 በመቶ ያህል ካርቦን አለ። ቀልጦ የፈሰሰው ብረት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ ለብቻው ይወጣና ግራፋይት ይሆናል፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ማለት ነው። ብረቱ ውስጥ ያለው ሲሊከንም በዚህ ያግዘዋል። ግራፋይቱ እንደ ስስ ቅጠል በብረቱ ውስጥ ተበትኖ ይቀመጣል። መቁረጫው ሲመጣ ብረቱ በእነዚያ ቅጠሎች በኩል ይሰነጠቃል። ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ሳይወጣ ፍርፋሪና ብናኝ ሆኖ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ግራፋይቱ በተጨማሪ እንደ ቅባት ያገለግላል።

ስስ ቦታና ማዕዘን ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ ያጣና ከብረቱ ጋር ተዋህዶ የብረት ካርባይድ (ከኢንሰርቱ ካርባይድ የተለየ) ሆኖ ይቀራል። ይህ ነጭ ካስት አይረን ነው። ስብራቱን ብታየው ነጭ ሆኖ ያበራል፤ የግራጫው ስብራት አመድማ ነው። ግራጫው በብሪኔል የጥንካሬ መለኪያ 200 አካባቢ ከሆነ ነጩ 400ን ያልፋል። ኢንሰርትህ የገጠመው እሱን ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ሞረድ አንሳና ጠርዙን ሞርደው። ሞረዱ ከያዘ ግራጫ ነው። ካልያዘና ከተንሸራተተ ነጭ ነው። ፍጥነት መቀነስ ብቻውን አያድንህም። ምድጃ ካለህ ዕቃውን 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሰዓታት አቆይተህ እዚያው ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተወው። ካርባይዱ ፈርሶ ግራፋይት ይሆናል። ነገር ግን ዕቃው ሊጣመም ይችላል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ስለዚህ ልኩ ላለቀ ዕቃ አይሆንም። ምድጃ ከሌለህ ያን ጠርዝ በግራይንደር ድንጋይ አንሳው።

ሌላው ጉዳይ ቆዳው ነው። ከሻጋታ የወጣ ዕቃ ላዩ ላይ አሸዋ ተጣብቆበታል። ብዙ ሰው ፈርቶ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ይገባል። ያን ጊዜ የመቁረጫው ጫፍ ሥራውን ሁሉ አሸዋው ውስጥ ይሠራል፣ ወዲያው ይደነዝዛል። 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ግቡ። ጫፉ ከቆዳው በታች፣ ንጹሕ ብረት ውስጥ ይሁን። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ አትሰልቹ።

ተማሪዋ፦ ስንቆርጥ የሚወጣው ብናኝ ጎጂ ነው? እኛ ጋ በኮምፕሬሰር አየር ነው የምናጸዳው።

መልስ፦ እህቴ፣ በአየር መንፋቱን ዛሬውኑ አቁሙ። ብናኙ ውስጥ ግራፋይት አለ፤ ከቆዳው የሚመጣ የአሸዋ ሲሊካም አለ። ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ የሚያመጣው በሽታ ሲሊኮሲስ ይባላል፣ አይድንም። ማሽኑም ይጎዳል። አየሩ ብናኙን ወደ ስላይዱ (የማሽኑ ጠረጴዛ የሚንሸራተትበት ቦታ) ውስጥ ይገፋዋል፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥም እንዳይገባ። ቫኪዩም ተጠቀሙ፣ ስላይዱን ሸፍኑ፣ የብናኝ ማስክ አድርጉ። በጨርቅ አፍን መሸፈን አይበቃም።

ባለ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን)፦ እኛ ኩላንት፣ ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ፣ እናፈስበታለን። ብናኙ አይነሳም፣ ጉዳዩ አለቀ።

ባለ ሌዝ፦ ኩላንት ካስት አይረን ላይ? ጭቃ ነው የሚሆነው! ፓምፑ ስንቴ ደፈነብህ?

ባለ ሲኤንሲ፦ ጥሩ ማጣሪያ ያለው ማሽን አይደፈንም። አንተ የምታወራው ስለ አሮጌ ማሽን ነው።

ባለ ሌዝ፦ አሮጌም ቢሆን ልክ ያወጣል። በሌዝ ሃያ ዓመት በደረቁ ቆርጫለሁ፣ ኢንሰርት ተሰንጥቆብኝ አያውቅም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆይ። ሌዝና ሚሊንግን አታደባልቁ። ሌዝ ላይ የሚዞረው ዕቃው ነው፣ ጫፉ ብረቱ ውስጥ ይቆያል። ሚሊንግ ላይ እያንዳንዱ ጥርስ ይገባል፣ ይወጣል፤ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ኩላንት ሲጨመር የሙቀቱ መፈራረቅ ይብሳል። ካርባይዱ ጫፉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እኔ በደረቅ እላለሁ፣ ከቫኪዩም ጋር። ለብናኙ ብሎ ኩላንት የሚጠቀም ሰው አልወቅሰውም፤ ግን ሳያቋርጥ በብዛት ያፍስ፣ ማጣሪያውንም ይጠብቅ። ጠብ ጠብ የሚል ኩላንት ከሁሉም የከፋ ነው። ክርክሩ እዚህ ይብቃ።

ሌላ አባል፦ ታፕ ሳደርግ (ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ ሳወጣ) ዘይት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ግራጫ ከሆነ በደረቁም ይሄዳል። ቀጥ ያለ ቦይ ያለው ታፕ ተጠቀም፣ ብናኙን ቶሎ ቶሎ አውጣ። በአየር አይደለም።

ተማሪዋ፦ መቁረጫው ሲወጣ የዕቃው ጠርዝ ይፈረፈራል። 90 ዲግሪ መቁረጫ ነው የያዝነው።

መልስ፦ ካስት አይረን አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ጥርሱ ሲወጣ ከፊቱ ያለው ብረት የሚደግፈው ስለሌለ ተገንጥሎ ይሄዳል። 45 ዲግሪ መቁረጫ ያዙ፣ ጫፉ ቀስ እያለ ይወጣል። መውጫው ላይ ፊዱን (ወደፊት የሚሄድበትን ፍጥነት) ቀንሱ። ከተቻለ ያን ጠርዝ አስቀድማችሁ በቻምፈር፣ ማለትም ሰያፍ አድርጋችሁ፣ ስበሩት። የደነዘዘ ኢንሰርት ካለ ይህ ሁሉ አይረዳም።

ባለ ሲኤንሲ፦ የኛ ዕቃ ደክታይል ካስት አይረን ነው። በግራጫው ፍጥነት ስሄድ ኢንሰርቱ ግማሽ ቀን አይቆይም።

መልስ፦ አይቆይም፣ ምክንያቱም በግራጫው ሕግ እየቆረጥከው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ኪት ሚሊስ የሚባል አሜሪካዊ የብረት ባለሙያ ቀልጦ በነበረ ካስት አይረን ላይ ማግኒዚየም ጨመረ። ግራፋይቱ ቅጠል መሆኑ ቀርቶ ክብ ኳስ ሆነ፤ ደክታይል የሚባለው ይህ ነው። ቅጠሉ ስንጥቁን ይመራል፤ ኳሱ ግን አይመራም። ስለዚህ ደክታይል ይለጠጣል፣ ፍቅፋቂው ይረዝማል፣ ጫፉም የበለጠ ይግላል። ከግራጫው ፍጥነት ሢሶውን ቀንስና ጀምር። ኮት (ስስ ሽፋን) ያለው፣ የኬ ምድብ (ለካስት አይረን የተመደበ)፣ ሳጥኑ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ኢንሰርት ያዝ። ፐርላይቱ (የብረቱ ጠንካራ ክፍል) የበዛ ከሆነ ገና ትቀንሳለህ። ፌራይቱ (የብረቱ ለስላሳ ክፍል) የበዛ ከሆነ ለስላሳ ነው፣ ግን ጫፉ ላይ ይጣበቃል።

ሌላ አባል፦ የአልማዝ ጫፍ ያላቸው መቁረጫዎችስ?

መልስ፦ ለብረት አይሆኑም። አልማዝ ካርቦን ነው፤ ሲግል ብረቱ ይበላዋል።

ሌላ አባል፦ እና በአጠቃላይ ለካስት አይረን ስንት አርፒኤም ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ተጠይቋል። እባክህ ከላይ አንብብ።

የጥገና ሠራተኛው፦ ሞረዱን ሞከርኩ። በሁለቱ ጠርዞች ተንሸራተተ። በሦስተኛው ያዘ።

መልስ፦ እንግዲህ ሁለቱ ነጭ ናቸው። እነሱን በድንጋይ አንሳ። ሦስተኛውን እንደ መሃሉ ቁረጠው። ድንጋዩም ብናኝ ያወጣል፣ ማስኩን አትርሳ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ይዤ መጣሁ። ግራጫ ካስት አይረን፣ 63 ሚሊሜትር ፌስ ሚል (ፊት ማስተካከያ መቁረጫ)፣ አምስት ካርባይድ ኢንሰርት፣ ኮት አለው።

መልስ፦ ጎበዝ። አሁን መነጋገር እንችላለን። የጫፉን ፍጥነት በደቂቃ 120 ሜትር ያዝ። 120ን በ1000 አባዛ፣ ለ3.14 እና ለ63 አካፍል። 600 አርፒኤም ገደማ ይመጣል። ለአንድ ጥርስ 0.2 ሚሊሜትር ስጥ። በአምስት ጥርስ፣ በ600 ዙር፣ ፊዱ በደቂቃ 600 ሚሊሜትር ነው። ማሽኑ ጠንካራ ከሆነና ጫፉ ከቆየ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨምር። ፊዱን ግን ከፍርሃት አትቀንስ። ጥርሱ ሳይቆርጥ ከፈገፈገ ቶሎ ያልቃል። የኤችኤስኤስ (ከካርባይድ የሚለሰልስ የመቁረጫ ብረት) መቁረጫ ቢሆን ኖሮ በደቂቃ ከ20 እስከ 25 ሜትር ነበር የምልህ።

ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ቆዳው ተነስቷል?

አዲስ ገቢ፦ አልተነሳም። ከሻጋታ እንደወጣ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ለመጀመሪያው ዙር 600ውን ተወው። 450 አርፒኤም አድርግ፣ ፊዱም በደቂቃ 450። 2.5 ሚሊሜትር ግባ። ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከተነሳ በኋላ ኢንሰርቱን አዙረህ አዲስ ጫፍ አውጣ፣ ከዚያ ወደ 600 ተመለስ።