በሩ ሲዘጋ ግድግዳው ለምን ይወዛወዛል?

ጥያቄ፦ «ደሴ የሚገኝ የአማተር ቴአትር ክበብ አባላት ነን። አዲሱ ቴአትራችን ሊመረቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሳሎኑን በጣውላ ፍሬምና በአቡጀዲ ሠርተን በሩን እዚያው ግድግዳ ላይ ገጠምነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ተቆጥታ በሩን ድርግም አድርጋ ስትወጣ ግን ግድግዳው በሙሉ ይወዛወዛል፤ ልምምዱን ሊያዩ የመጡት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። የአዳራሹ ወለል ቴራዞ ስለሆነ መብሳት አይፈቀድልንም። ከምርቃቱ በኋላም ኮምቦልቻና ወልድያ ይዘነው እንሄዳለን። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ አቡጀዲውን አትንኩት፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ጥፋቱ በሩ ግድግዳው ላይ መሰቀሉ ነው። የመድረክ ግድግዳ ራሱን ብቻ እንዲችል ተደርጎ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው፤ በንዴት የሚወረወር በር ልሸከም ቢል አቅሙ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ሁለቱን አፋቷቸው። በሩ የራሱ መቃን፣ መቃኑም የራሱ ድጋፍ ይኑረው፤ ግድግዳው አጠገቡ ይቁም እንጂ አይያዘው።

ከማፍረሳችሁ በፊት ግን አንዳችሁ በሩን እየዘጋችሁ ሌላችሁ ከኋላ ተመልከቱ። ፍሬሙ ማዕዘኑን ስቶ ወደ ጎን ከተዛባ መጋጠሚያው ላልቷል። ግድግዳው ቅርጹን ሳይለቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ድጋፍ አንሶታል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ።

መጋጠሚያው ቀላል ነው። ከ6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ሦስት ማዕዘን እየቆረጣችሁ በየጥጉ ከኋላ በኮላና በቪቲ ምቱ፤ ሚስማር ብቻውን አይበቃም። ቁራጩ ከፍሬሙ ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ያህል ገባ ይበል፤ አለዚያ ሁለት ግድግዳ ጥግ ላይ ስታጋጥሙ ክፍተት ይፈጥርባችኋል። የታችኛው አግዳሚ ሙሉውን ስፋት ይያዝ፣ ቋሚዎቹ ከላዩ ይረፉ፤ የቋሚ ጫፍ ወለል ከነካ ሲጎተት ይሰነጠቃል። የበር ክፍት ቦታ ባለበት ግድግዳ ላይ አግዳሚው ስለተቆረጠ ሁለቱ እግሮች እንዳሻቸው ይራራቃሉ። እዚያ ከሥር 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት እሰሩበት፤ ተዋናይ አያደናቅፍም።

መቃኑን 15 ሴንቲ ስፋት ካለው ጣውላ እንደ ሣጥን ሥሩት፤ ስፋቱ ወደ ኋላ ጥልቀት ይሁን። ከአዳራሹ ሲታይ ግድግዳው ወፍራም ግንብ ይመስላል፣ ያ ትርፍ ነው። በመቃኑና በግድግዳው መካከል ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ክፍተት ተዉ፤ ክፍተቱን የሚሸፍነውን ቀጭን ጣውላ መቃኑ ላይ ብቻ ምቱት። አንዲት ቪቲ እንኳ ወደ ግድግዳው ካለፈች ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ቴራዞው። ወለሉ እንጨት ቢሆን ድጋፉ በቪቲ ይታሰር ነበር፤ እናንተን የሚያዋጣችሁ ክብደት ነው። ለመቃኑ ግራና ቀኝ ከሞራሌ ባለ ቀጥ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ሥሩ፤ እግሩ ወደ ኋላ አንድ ሜትር ይዘርጋ። ሦስት ሜትር ቁመት ላለው ግድግዳ ደግሞ ድጋፉ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ይያዝ። አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ የምታስቀምጡት እግሩ መጨረሻ ላይ ነው። መተላለፊያ እንዳይዘጋ ተብሎ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ አያለሁ፣ ግን እዚያ ሆኖ ሥራ አይሠራም። አንድ ሜትር ርቆ 20 ኪሎ የሚይዘውን፣ ግማሽ ሜትር ላይ ለመያዝ 40 ኪሎ ያስፈልጋል። ቴራዞ ስለሚያንሸራትት ከእግሩ ሥር የጎማ ቁራጭ ለጥፉ።

በሩ ወደ መድረኩ ጀርባ ይከፈት፤ ማጠፊያው ከተመልካቹ በሚርቀው ጎን ይሁን። ያኔ የሚገባው ሰው ፊቱ ይታያል፣ የተከፈተው በርም ጓዳችሁን ይጋርዳል። እውነተኛ ቁልፍ አትግጠሙ። ቁልፉ እምቢ ካለ ተዋናይዋ መሐል መድረክ ላይ ታስራ ትቀራለች፤ የቁም ሣጥን ማግኔት ይበቃል።

በሩ ራሱ ስስ ይሁን፦ ቀላል ፍሬም፣ በ4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ የተሸፈነ። በሩ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ለጥፉ። «ታዲያ ድምፁስ?» ትሉኝ ይሆናል። ድምፁ ከበሩ አይመጣም። ከኋላ አንድ ልጅ ወፍራም ጣውላ አንዱን ጫፍ በእግሩ ረግጦ ሌላውን ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ በሩ ሲገጥም ከሥር በተነጠፈ ሌላ ጣውላ ላይ ይልቀቀው። ልጁ በሩን በዓይኑ ማየት አለበት፤ ቃለ ተውኔቱን ሰምቶ ከለቀቀ ድምፁ ወይ ይቀድማል ወይ ይዘገያል።

ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር። የዘወትር ልምምዳችሁ የበሩን ቦታ ለማመልከት ወለል ላይ በተለጠፈ ፕላስተር ከሆነ፣ ተዋናይዋ አብዛኛውን ጊዜ ስትዘጋ የኖረችው አየር ነው። በሩን ከነመቃኑ ቀድማችሁ ጨርሳችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ልምምድ ክፍል አስገቡት፤ ቀለሙ ይቆይ። አዲስ ቴአትር ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳምንት አይረጋም። አዘጋጁ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ «በሩ በግራ ይሁን» ሊል ይችላል። ራሱን የቻለ በር ለሁለት ተሸክሞ ማዛወር ነው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሆነ ግን እንደገና መቅደድ ነው።

ለጉዞው ግድግዳዎቹን በማጠፊያ አያይዟቸውና የማጠፊያውን ዘንግ አውጥታችሁ በረጅም ሚስማር ተኩት፤ ሲፈታ ይመዘዛል። ከኋላ በቀለም ቁጥር ጻፉ። አይሱዙው ላይ ቀለም የተቀባውን ገጽ እርስ በርሱ ፊት ለፊት እያደረጋችሁ በጠርዝ አቁማችሁ ጫኑ፤ አስተኝታችሁ ከጫናችሁ አንዱ ሰው ይቀመጥበታል። በሩን ከመቃኑ ሳትነቅሉ በገመድ እሰሩት። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው ቁልቁለት ቪቲ ያላላል፣ ስለዚህ እንደደረሳችሁ ከማቆማችሁ በፊት ሁሉንም አንድ በአንድ አጥብቁ።