ማንነትንና የሰዎችን ግንኙነት ማጥናት ለምትፈልጉ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በማስተርስ ደረጃ ሳይኮሎጂ የሚማሩ ወጣቶችን ምን ማጥናት እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ «ማንነትና የሰዎች ግንኙነት» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። የሳይኮሎጂ ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ወጣቱ መጀመሪያ ማንነቱን ያጸናል፣ ከሌላ ሰው ጋር በፍቅር የሚቀራረበው ከዚያ በኋላ ነው ይል ነበር። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው ራሱን የሚያውቀው የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት እናት ሆኖ ነው። ታዲያ ቅደም ተከተሉ እዚህም ይሠራል? ይኼ ብቻውን ጥሩ ጥናት ይወጣዋል።

የኤሪክሰንን ሐሳብ ይዞ ጄምስ ማርሺያ የተባለ የሳይኮሎጂ ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. ወጣቶችን በአራት መደበ። ያየው ሁለት ነገር ነው፤ አማራጭ ፈትሸዋል ወይ? የጸና ውሳኔስ አላቸው? ሳይፈትሽ የወላጆቹን ምርጫ የተቀበለ ወጣት ፍለጋውን ሳይጀምር እንደዘጋ ይቆጠራል። ያኔ የተጠኑት ግን አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የሚማሩ ወንዶች ነበሩ። መርካቶ የአባቱን ሱቅ የተረከበ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ተከራክሮና አምኖበት ሊሆን ይችላል። የውጭ መጠይቅ ተርጉማችሁ ብቻ ከበተናችሁ ይህ ሁሉ ያመልጣችኋል።

የሳይኮሎጂ ተመራማሪዋን ሜሪ አይንስዎርዝን ስለምወዳት ሳላነሳት አላልፍም። የእናትና የልጅን ቁርኝት ያጠናችው ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ፣ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ለወራት ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተመልክታለች። አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ በእናቶችና በሕፃናት ላይ የሠራችው ታዋቂው ጥናቷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ከመጠይቁ በፊት ሰው ቤት ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ ቡና ሲፈላ ማን ምን እንደሚናገር፣ ማን ዝም እንደሚል አስተውሉ።

ርዕሳችሁን አጥብቡት። «ማንነት» ብቻ ብላችሁ ፕሮፖዛል ብትጽፉ ማለቂያ የለውም። ቤይሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ ለዓመታት ብር ስትልክ የኖረች ልጅ ስትመለስ ቤት ውስጥ ቦታዋ የት ነው? እንደ ድሮው ታናሽ እህት ናት ወይስ ቤቱን ያቆመች ሰው? እሷ ራሷንስ እንዴት ታያለች? ሌላም አለ። በባህላችን ሚዜ ለሙሽሪት እንደ ወንድም ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ዛሬም ለሚዜው ይደወላል? አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥስ? እንዲህ ያለውን ማንም ከውጭ መጥቶ አያጠናልንም።

ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ቦታውን ምረጡ። አማቷ ጓዳ ሆነው እየሰሙ ስለ ትዳሯ እውነቱን የምትናገር ሴት የለችም። የምታውቁትን ጎረቤትም አትጠይቁ፤ ነገ እናንተን ባየች ቁጥር ትሳቀቃለች። ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ በትንሽ ከተማ ሥራዋና የልጆቿ ቁጥር ከተጻፈ ማን እንደሆነች ይታወቃል። ደግሞ የምታለቅስ ሰው ትገጥማችኋለች። ያኔ መቅጃውን አጥፉት። ወዴት ሄዳ እርዳታ ማግኘት እንደምትችል ቀድማችሁ አጣርታችሁ፣ አድራሻውን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።