በአፍ ካንሰር ስላይድ ላይ የደም ሥርና የመከላከያ ሴል ቆጠራ፦ ጥያቄና መልስ፣ ጅማ

ጠያቂዎቹ የፓቶሎጂ ሬዚደንቶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው።

ሬዚደንት፦ ዶክተር፣ በሲዲ34 (የደም ሥር ሴሎችን ቡናማ አድርጎ በሚያሳይ የአንቲቦዲ ቀለም) በአንድ መስክ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ በአንድ ጊዜ በሚታየው ክብ፣ 30 የደም ሥር ቆጠርኩ። ብዙ ነው?

መልስ፦ በየትኛው መስክ? በ20 ኦብጀክቲቭ (20 ጊዜ በሚያጎላው ሌንስ)፣ የዓይን ሌንሱ ላይ 18 ከተጻፈ የመስኩ ስፋት 0.64 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ 30ው በካሬ ሚሊሜትር 47 ይሆናል። 22 ከተጻፈ ስፋቱ 0.95 ስለሆነ ያው 30 ወደ 32 ይወርዳል። ሁልጊዜ በካሬ ሚሊሜትር ጻፉ።

መጀመሪያ በ4 እና በ10 ዞራችሁ የደም ሥር የተጠጋጋበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከዚያ በ20 ሦስት መስክ ቁጠሩ። ቡናማ የሆነ አንድ ሴልም፣ ቀዳዳ ባይኖረውም፣ ከሌላው ተለይቶ ከቆመ አንድ ነው። ከቁስለቱ ሥር አትቁጠሩ፤ እዚያ የበዛው ቁስሉ ለመዳን ሲሞክር ያበቀለው ነው። ምላስ ላይ ደግሞ በጡንቻ ክሮች መካከል የተሰለፉት ቀጫጭን ሥሮች ዱሮም የነበሩ ናቸው። ከዕጢው ውጭ ያሉ ረዣዥም ፋይብሮብላስቶችም (የደጋፊ ቲሹ ሴሎች) ሲዲ34 ይይዛሉ፤ ደም ሥር ይመስላሉ፣ አይደሉም። አዲስ የበቀለውን መለየት ለፈለገ ሲዲ105 የተባለው አንቲቦዲ ይሻላል።

የላብ ባለሙያ፦ ሲትሬቱን (አንቲቦዲው እንዲይዝ ስላይዱ ቀድሞ የሚፈላበትን ፈሳሽ) 20 ደቂቃ አፍልተን ቀለሙ ደብዛዛ ሆነብን።

መልስ፦ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መመሪያው 98 ቢልም በክፍት ዕቃ አትደርሱበትም። በፕሬሸር ኩከር፣ ግፊቱ ከሞላ በኋላ 3 ደቂቃ ይበቃል። ከነፈሳሹ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ወዲያው ካወጣችሁት ቲሹው ከስላይዱ ይላቀቃል። በየዙሩ የቶንሲል ስላይድ ለማነጻጸሪያ አስገቡ።

ሌላ ጠያቂ፦ ጫት የአፍ ካንሰር ያመጣል?

መልስ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም። ትምባሆና አልኮል እንደሚያመጡ የታወቀ ነው።

አባል፦ የሚቅመው ሰው እኮ ብዙ ጊዜ ያጨሳልም። በምን ይለያል?

ሌላ አባል፦ የባዮፕሲ ቅጹ ላይ «ሱስ፦ አለ» ብለን እየጻፍን አይለይም። ጫቱን ለብቻ፣ ሲጋራውን ለብቻ፣ ከነዓመቱ መጻፍ ነው።

መልስ፦ ትክክል። ወደ ስላይዱ እንመለስ።

ሬዚደንት፦ የመከላከያ ሴሎቹስ?

መልስ፦ ሲዲ8 ቲ ሴል (የካንሰር ሴል የሚገድል የመከላከያ ሴል) የበዛበት ዕጢ በአብዛኛው አካሄዱ የተሻለ ነው፤ ሲዲ163 ማክሮፌጅ (ሌላ ዓይነት የመከላከያ ሴል) የበዛበት የከፋ። በዕጢው ጎጆ (በካንሰር ሴሎቹ ክምችት) ውስጥ የገባውንና ዳር የቆመውን ለየብቻ ቁጠሩ። እዚህም ቁስለቱ ሥር አትቁጠሩ።

የላብ ባለሙያ፦ አንቲቦዲ ሲያልቅብን ማስት ሴልን (ሌላውን የመከላከያ ሴል) በቶሉዊዲን ብሉ ቀለም ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። 0.1 በመቶ፣ ፒኤች 2.3 አካባቢ፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ። ማስት ሴሉ በሰማያዊ ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ይወጣል። አልኮሉ ውስጥ ነከር አድርጋችሁ አውጡ፤ ከቆየ ቀለሙን ያጥበዋል። የማስት ሴል ብዛት ምን እንደሚተነብይ ግን ጥናቶች አልተስማሙም።

ሌላ ጠያቂ፦ እና 30 ብዙ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። በካሬ ሚሊሜትር።

ሬዚደንት፦ ለቀዶ ሐኪሙ ሪፖርት ላይ ልጻፈው?

መልስ፦ ሐኪሙ የሚፈልገው የዕጢውን ጥልቀት፣ የተቆረጠበትን ጠርዝና የአንገት ንፍፊቱን ነው። ጥልቀቱ ከቁስለቱ ወለል አይለካም፤ አጠገቡ ካለው ጤነኛ ሽፋን መሠረት ተነስቶ ዕጢው እስከ ደረሰበት ጥግ ነው። 5 እና 10 ሚሊሜትር ላይ ደረጃው ይለወጣል። ይህን ጽፈህ ስትጨርስ ቆጠራውን ለምርምር መዝገብህ አስቀምጠው።